የማይፈርስ የጎልማሶች ፊደል ቡድን፦ ከምዝገባ እስከ ክረምት

በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በመሰል የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የጎልማሶች ትምህርት ቡድን ማቋቋም ቀላል ነው። ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ስም ይመዘገባል፣ አዳራሹ ይሞላል። ሁለተኛው ወር ሳይጋመስ ግን አስተማሪውና ሁለት ሦስት እናቶች ብቻ ይቀራሉ። ያኔ «ፍላጎት የላቸውም» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ፍላጎት የሌለው ሰው መጀመሪያውኑ አይመዘገብም። ቡድኑን የሚያፈርሱት አራት ነገሮች ናቸው፦ የማይመች ሰዓት፣ ሰው ፊት ማፈር፣ ያልታወቀ የዓይን ድካም፣ እንዲሁም ፊደልን እንደ ሕፃን ከሀ እስከ ፐ ማስዘመር። ይህ መመሪያ እነዚህን አራቱን ተራ በተራ ይዟል። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ አንደኛውን ደረጃ ዘላችሁ አራተኛው ላይ ብትደክሙ ዋጋ የለውም።

1ኛ ደረጃ፦ ከክፍሉ በፊት ሰዓቱን ያዙ

አዳራሽ ከመለመናችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ሰዎቹን ብቻ ጠይቁ። የምትጠይቁት «መማር ትፈልጋለህ ወይ?» ብላችሁ አይደለም፤ ለዚህ ሁሉም «አዎ» ይላል። ይልቅ የሚከተሉትን ጠይቁ፦

- ውሃ በፈረቃ የሚመጣው በየትኛው ቀንና ሰዓት ነው? ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ያለባት ሴት ክፍል አትመጣም።
- ገበያ የሚቆመው መቼ ነው? ጉሊት የምትቸረችር ሴት በገበያ ቀን አትገኝም።
- ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ስንት ሰዓት ነው?
- የቀን ሠራተኛው ደመወዝ የሚቀበለው መቼ ነው? በዚያ ቀን ማምሻውን ክፍል ባዶ ነው።
- ጥበቃ የሚሠሩት ፈረቃ የሚቀይሩት ስንት ሰዓት ነው?

መልሱን በወረቀት ላይ በሰባቱ ቀን ከፋፍላችሁ ጻፉና ማንም ያልተያዘበትን ሰዓት ፈልጉ። ቤት ለሚውሉ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚመቸው ምሳ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ለቀን ሠራተኞች እሑድ ከሰዓት ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ሰዓት ለማጣመር አትሞክሩ፤ ሁለት ትንንሽ ቡድን ይሁኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ በማታ የምታስተምሩ ከሆነ ከ12 ሰዓት በፊት ጨርሱ። የመንገድ መብራት በሌለበት፣ ጅብ በሚዞርበት ሰፈር አንዲት ሴት አንድ ቀን ፈርታ ከተመለሰች ዳግም አትመጣም፤ ጎረቤቷንም ታስቀራለች።

በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። 5 ቀን የሚያስቡ ቡድኖች በፍጥነት ይደክማሉ። በሳምንት 1 ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ ያለፈው ሳምንት የተያዘው ሁሉ ይረሳል።

2ኛ ደረጃ፦ ጥሪና ፈቃድ

መጀመሪያ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ዓላማችሁን አሳውቁ። የጎልማሶች ትምህርትን የሚከታተል ባለሙያ ካለ ስለ መማሪያ መጽሐፍና ስለ አመቻች (የጎልማሶች አስተማሪ) ሥልጠና ጠይቁ። መንግሥት «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» በሚለው መርሐ ግብር ሥር መጽሐፍ ያዘጋጃል፤ እጃችሁ ላይ ከገባ ተጠቀሙበት፤ ቅደም ተከተሉን ግን ከታች ባለው መሠረት ለሰፈራችሁ አስተካክሉት።

ቀጥሎ ወደ እድር። በነባሩ ሰፈር ያለው እድርና በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ ያለው እድር የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱንም ዳኞች አነጋግሩ። ጥሪው መነገር ያለበት ወርኃዊ መዋጮ ተሰብስቦ ሰው ከመበተኑ በፊት ባለችው አምስት ደቂቃ ነው። ስም እዚያው አትመዝግቡ። በሰው ፊት «ፊደል ያልቆጠርን እጅ እናውጣ» ማለት ከባድ ነው። «እድር ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አንድ ሰው ይኖራል፤ ለየብቻ ኑ» በሉ። «መሃይም» የሚለው ቃል በማስታወቂያም በንግግርም አይግባ።

አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ በበዛበት ሰፈር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ሰዎቹ መማር የሚፈልጉት በቁቤ ነው ወይስ በፊደል? መልሱን ከራሳቸው ስሙ፤ እናንተ አትወስኑ። ሁለቱን በአንድ ወቅት አታስተምሩ፤ ጀማሪ ሰው ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ባንዴ ሲገጥመው ሁለቱንም ይጥላል። ማብራሪያውን በአፋን ኦሮሞ የሚሰጥ አመቻች ማግኘት ግን ሁልጊዜ ይጠቅማል።

3ኛ ደረጃ፦ ክፍልና ዕቃ

የእድር አዳራሽ፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚናል፣ የወረዳ ስብሰባ ክፍል፣ ሁሉም ይሆናል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ አግዳሚው ለሕፃን የተሠራ ስለሆነ የ50 ዓመት ሰው ጉልበቱን የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ ግድግዳው ላይ ያለው የልጆች ሥዕልም «ልጅ ሆንክ» ይለዋል። መስኮቱ ከተማሪው ግራ ቢሆን ይመረጣል፤ ብርሃኑ ከቀኝ ከመጣ የሚጽፈው እጅ ጥላ በደብተሩ ላይ ይወድቃል።

ለ15 ሰው የሚያስፈልገው፦

- ካሬ ካሬ የተሰመረ ባለ 50 ቅጠል ደብተር 20 (5ቱ መጠባበቂያ)። ተራ መስመር ያለው ደብተር አትግዙ። ካሬው አንድ ፊደል በአንድ ቤት እንዲቀመጥ ያስገድዳል።
- እርሳስ 30፣ ላጲስ 8፣ መቅረጫ 4። እስክሪብቶ ከሁለት ወር በኋላ።
- ነጭ ጠመኔ 2 ፓኬት።
- ባለ ቻርጅ መብራት 1። መብራት ሲጠፋ ክፍሉን ላለመበተን ነው።
- ደብተሮቹን የሚይዝ ቁልፍ ያለው ሳጥን። ቤተሰቡ እንዲያውቅ የማይፈልግ ተማሪ ደብተሩን እዚያ ይተዋል። ይህን ሳጥን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ሰውን የሚያቆየው ግን እሱ ነው።

ሰሌዳ ከሌለ ሥሩ። የአንድ ኮምፔርሳቶ ግማሽ፣ ማለትም 122 በ122 ሳንቲ ሜትር፣ ይበቃል። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ የሰሌዳ ቀለም አንድ ዙር ቀቡ፣ አንድ ቀን አድርቁ፣ ድጋሚ ቀቡ። ከደረቀ በኋላ ወዲያው አትጻፉበት። ጠመኔን በጎኑ አስተኝታችሁ ሰሌዳውን ሙሉ አልብሱትና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ይህ ካልተደረገ መጀመሪያ የጻፋችሁት ጽሑፍ ጥላው አይለቅም። ሰሌዳ ላይ የምትጽፉት ፊደል ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው።

ለእናቶች ቡድን ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ፤ ሕፃን የሚይዝ አንድ ሰው መድቡ። ትልልቅ ልጆች ግን ክፍል አይግቡ። እናቱ ስትሳሳት የሚስቅ የ9 ዓመት ልጅ ቡድን ይበትናል።

4ኛ ደረጃ፦ ለየብቻ መፈተሽ

እያንዳንዱን ሰው ብቻውን፣ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. ስሙን እንዲጽፍ አድርጉ። ካልቻለ ምንም ሳትሉ እለፉ።
2. ካርድ ላይ የተጻፉ 10 ፊደላት፣ የተዘበራረቁ፣ አሳዩ።
3. «ቡና ቤት ነው» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር።
4. የዋጋ ወረቀት፦ 45፣ 120፣ 2,005።
5. የ35 ብር ዕቃ ገዝቶ 100 ብር ቢሰጥ ስንት ይመለስለታል? በቃል።

ውጤቱ ሦስት ቡድን ይሰጣችኋል፦ ፊደል የማይለዩ፣ ፊደል እየለዩ ቃል የማይገጣጥሙ፣ አንብበው መጻፍና ማስላት የሚያቅታቸው። ሦስቱን በአንድ ረድፍ አታስቀምጡ። 5ኛው ጥያቄ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል በፍጥነት ይመልሳል፤ ጉሊት የምትቸረችር ሴት ከእናንተ ልትፈጥን ትችላለች። ይህን ልብ በሉ፤ በ7ኛው ደረጃ ያስፈልጋችኋል።

ዓይን። ከ40 ዓመት በላይ ያለ ሰው ወረቀቱን እያራቀ ካየ ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ግንባሩን ከያዘ ችግሩ ፊደል ሳይሆን መነፅር ነው። በዚህ ዕድሜ የቅርብ ዕይታ መድከም የተለመደ ነው። በአብዛኛው 45 ዓመት አካባቢ +1.00 ወይም +1.50፣ ከ55 በኋላ +2.00 ወይም +2.50 የማንበቢያ መነፅር ይበቃል። ሁለት ሦስት ዓይነት ለሙከራ ያዙ፤ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ጥቃቅን ጽሑፍ ጠርቶ የሚታየውን ይምረጥ። አንዱ ዓይን ብቻ ከደበዘዘ፣ ሩቅም ካልታየ፣ ዓይን ከቀላ ወይም ካመመ መነፅር አትስጡ፤ ጤና ጣቢያ ላኩ።

5ኛ ደረጃ፦ ፊደሉን በቤተሰብ፣ ከሚያውቁት ቃል ጋር

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። ገበታው ይሰቀላል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ይላል፣ በሦስተኛው ሳምንት በቃል ይወጣዋል። አንዷን ፊደል ብቻዋን ብትጠቁሙ ግን ከመጀመሪያው ዜማውን ጀምሮ ካልደረሰባት አያውቃትም። ዜማው ጆሮን እንጂ ዓይንን አያስተምርም።

ስለዚህ ገበታውን ለጊዜው አንሡት። በዚህ ሂዱ፦

ሀ) በስም ጀምሩ። የመጀመሪያው ቀን የእያንዳንዱን ተማሪ ስም በትልቁ ካርቶን ላይ ጽፋችሁ ፊቱ አስቀምጡ። በየቀኑ ሲገባ ስሙን ከሌሎቹ መካከል ለይቶ ያንሣ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ስሙን ያውቃል፤ ፊርማ በአውራ ጣት የሚያኖር ሰው ስሙን መጻፍ ሲችል እሱን ከቤት የሚያስቀረው ነገር ይቀንሳል።

ለ) በ፣ ነ፣ ለ። የመጀመሪያው ቃል «ቡና» ይሁን። ቃሉን ጻፉ፣ «ቡ» እና «ና»ን ለዩ፣ ከዚያ የበ ቤተሰብ በሙሉ፦ በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ። በሚቀጥለው ቀን ነ፣ ቀጥሎ ለ። ከእነዚህ ሦስት ቤተሰቦች ብቻ «ቡና፣ ንብ፣ ልብ፣ ላብ፣ ሌባ፣ ና፣ ኑ» ይወጣሉ፤ «ነበልባል» ደግሞ አምስቱም ፊደሉ የእነሱ ነው። ተማሪው በሁለተኛው ሳምንት «ነበልባል»ን ብቻውን ሲያነብ ፊቱን ተመልከቱ።

ሐ) ቀጥሎ ተ እና መ። «ቤት፣ ማታ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቡና ቤት»። ከዚህ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ተማሪዎቹ ከሚፈልጓቸው ቃላት አውጡ፦ እንጀራ፣ ዘይት፣ ደረሰኝ፣ ጤና ጣቢያ፣ የታክሲ ታፔላ ላይ ያለው መገናኛ፣ ቃሊቲ፣ ሜክሲኮ።

መ) ፍጥነት። በሳምንት 2 አዲስ ቤተሰብ፤ ሦስተኛው ቀን ክለሳ ብቻ። ከ33ቱ ቤተሰቦች ድምፃቸው የተደገመውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ለመጨረሻ አቆዩ፤ 28 ይቀራሉ፣ 14 ሳምንት ይፈጃሉ። ስሟ ፀሐይ የሆነች ሴት ግን ፀ እና ሐን ከመጀመሪያው ቀን ታውቃቸዋለች፤ «የስምሽ ፊደል ነው» በሏትና እለፉ።

ሠ) የቅርጽ ለውጡን አሳዩ። ካዕብ (ሁለተኛው ፊደል) ላይ በአብዛኛው በቀኝ በኩል መሃል ላይ ጭረት ትወጣለች፤ ሣልስ (ሦስተኛው) ላይ ከቀኝ እግር ሥር፤ ኃምስ (አምስተኛው) ላይ ያችው ክብ ትሆናለች። ይህን ያየ ሰው ገና ያልተማረውን «ዙ፣ ዚ፣ ዜ» ራሱ ይገምታል። ሳድስና ሳብዕ (ስድስተኛውና ሰባተኛው) ግን ወጥ ደንብ የላቸውም፤ እነሱን እንዲገምቱ አታስገድዱ፣ ተጨማሪ ልምምድ ስጡ። እንደ ረ እና ፈ ያሉትም ከደንቡ ይወጣሉና ለብቻቸው አሳዩ።

ረ) የሚመሳሰሉትን አራርቁ። ለ እና ሰ፣ ተ እና ቀ፣ በአንድ ሳምንት አይግቡ። ነ/ኘ፣ ሰ/ሸ፣ ደ/ጀ፣ ጠ/ጨ ላይ የመጀመሪያው ከጠና ቢያንስ ሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን አምጡ።

መፈተኛው። ካርቶን መሃል 4 በ4 ሳንቲ ሜትር መስኮት ቅደዱ። ገበታው ላይ አድርጋችሁ አንድ ፊደል ብቻ እንዲታይ እዚህም እዚያም አንሸራቱት። ከ10ሩ 8ቱን ወዲያው ካልለየ ወደ አዲስ ቤተሰብ አትለፉ።

6ኛ ደረጃ፦ የአንዱ ቀን 90 ደቂቃ

- 10 ደቂቃ፦ ስም ማንሣት፣ የትናንቱን ካርድ መለየት። የዘገየ ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል፤ አትቆጡት።
- 20 ደቂቃ፦ ከቤት የመጣ ወረቀት፦ የመብራት ደረሰኝ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የልጅ የመገናኛ ደብተር። የሚያውቁትን ፊደል ያሥምሩ።
- 25 ደቂቃ፦ አዲሱ ቤተሰብ።
- 20 ደቂቃ፦ መጻፍ።
- 10 ደቂቃ፦ ቁጥር።
- 5 ደቂቃ፦ ዛሬ የተነበበውን አንድ ቃል እያንዳንዱ ለጎኑ ሰው ያንብብ።

በአጠራር ተጠንቀቁ። የ22 ዓመት አመቻች የ60 ዓመት ሰውን «አንተ ና ወደ ሰሌዳ» ካለ ነገሩ አበቃ። እርስዎ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ እንደ ሰፈሩ ልማድ። ማንንም ለብቻው ወደ ሰሌዳ አታውጡ፤ መጀመሪያ ሁሉም በጋራ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ፈቃደኛ ብቻ ለብቻው። በቀይ ቀለም አታርሙ፤ ትክክለኛውን በእርሳስ ጎኑ ጻፉለት።

ሁለት አመቻች ይኑር። 12ኛ ክፍል ጨርሰው በነፃ የሚያገለግሉ ወጣቶች ሥራ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲያገኙ ይሄዳሉ፤ ይህ ተገቢ ነው፣ ቡድኑ ግን አብሮ መሄድ የለበትም።

7ኛ ደረጃ፦ ቁጥር፣ ብርና ስልክ

መደመር አታስተምሩ፤ ያውቁታል። የሚቸግራቸው የሚያውቁትን በወረቀት ማኖር ነው። ዋነኛው ስሕተት «ሁለት ሺህ አምስት»ን እንደሰሙት 20005 ብሎ መጻፍ ነው፦ መጀመሪያ 2000፣ ቀጥሎ 5።

መድኃኒቱ ተደራራቢ ካርድ ነው። ለሺህ 20፣ ለመቶ 15፣ ለዐሥር 10፣ ለአንድ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ካርዶች ቁረጡ፤ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ አኃዝ ጻፉ። 2000 የተጻፈበትን አስቀምጡና 5ን በቀኝ ጠርዝ አስተካክላችሁ በላዩ ደርቡ፦ 2005። አንድ ሳምንት በካርድ ከተሠራ በኋላ በካሬ ደብተር።

ብርን በእውነተኛ ኖት ተለማመዱ፤ ከ5 እስከ 200 ድረስ ያሉትን። ስልክ ላይ ደግሞ ከጥሪ መዝገብ ስም ማንበብ፣ ቀጥሎ የቴሌብር መልእክት፦ ማን ላከ፣ ስንት ላከ፣ ቀሪው ስንት ነው። በ *127# ገብተው ምርጫዎቹን በየተራ ያንብቡ፤ ገንዘብ ግን በክፍል ውስጥ አይላክ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚስጥር ቁጥር ሲያስገቡ አመቻቹ ፊቱን ያዙር። ቁጥሩ ደብተር ላይ አይጻፍ። «ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ቁጥርህን ንገረኝ» የሚል ሁሉ አጭበርባሪ መሆኑን በየወሩ ድገሙ።

ሰዓትም አንድ ቀን ይሰጠው። የክሊኒክ ካርዱ 3:00 ሲል ስልኩ 9:00 ሊያሳይ ይችላል፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ብዙ ነው።

ሲበላሽ

*በሦስተኛው ሳምንት ሰው ካነሰ።* በስልክ አትጥሩ፤ አብሯት የምትማር ጎረቤቷን ላኩ። ሁለት ቀን የቀረ ሰው ቤት በሦስተኛው ቀን ሰው ይድረስ። ያለፈውን 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ መጥቶ ለብቻው ያካክስ፤ በሰው ፊት «የት ነበርሽ?» አይባል።

*ባል ከከለከለ።* አትከራከሩት። የእድሩ ጸሐፊ ወይም የሚያከብረው ሽማግሌ ያነጋግረው። ብዙ ጊዜ ቅሬታው ትምህርቱ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነው።

*እጅ ከዛለ።* ሲሚንቶና ድንጋይ የለመደ እጅ ቀጭን እርሳስ አንቆ ይይዛል። እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ10 ደቂቃ በላይ አታስጽፉ።

*አንዱ ሁሉን ከመለሰ።* ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ይግባ፤ ካልሆነ የካርዱ አዳይ አድርጉት።

*ከ8ኛው ሳምንት በኋላም ፊደል ካልያዘ።* መነፅሩን ድጋሚ ፈትሹ፣ ከዚያ መስማቱን። «በ» እና «ፐ» ተቀላቅለው የሚሰሙት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥ።

ጾም፣ አጨዳና ክረምት

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እርሻ ያላቸው ሰዎች ለአጨዳ ይጠፋሉ፤ በረመዳን የማታው ሰዓት አይሠራም፤ በጾም ወቅት የቅዳሴ ሰዓት ይለወጣል። ዓመቱ ሲጀምር እነዚህን ሁሉ በቀን መቁጠሪያ ላይ አሥምሩና በዚያ ሳምንት ክለሳ ብቻ ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው መንገዱን ስለሚይዝ ትምህርቱን ሰኔ አጋማሽ ላይ አቁሙ፤ ደብተሩን ግን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ለፈለገ ስጡ፤ የስልክ መልእክትና የመብራት ደረሰኝ ማንበብ የቤት ሥራ ይሁን። የተማሪ ዝርዝሩን፣ ማን የት ቤተሰብ ላይ እንደደረሰና የሳጥኑን ቁልፍ ለሁለተኛው አመቻች በጽሑፍ አስረክቡ። መስከረም ላይ ስትከፍቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በመስኮቷ ካርቶን ብቻ ሥሩ፤ የረሳው ማን እንደሆነ ሳታሳፍሩት ይታወቃችኋል።